ብሔሩ የቱ ነው? የፓን አፍሪካ ብሔርተኝነት ምንጭና ትርጉም



የዛሬው ንግግሬ ርዕስ የፓን አፍሪካ ብሔርተኝነት ምንጭና ትርጉም ነው። የምጠቅሳቸው ዘመናት፣ «ዓመተ ምሕረት» ብዬ ካልለየኋቸው በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ። ወደ ታሪኩ ከመግባቴ በፊት ግን በርዕሱ ውስጥ ባለች አንዲት ቃል ላይ ጥቂት መቆየት እፈልጋለሁ። ቃሏ «ብሔር» ናት።

በግእዝ «ብሔር» ማለት ምድር፣ አገር፣ ስፍራ ማለት ነው። «እግዚአብሔር» የሚለው ስም ራሱ ከዚህ ቃል የተገነባ ነው፤ የምድር ጌታ፣ የዓለም ጌታ እንደማለት። በዛሬው አማርኛ ግን፣ በተለይም ካለፉት ሃምሳ ዓመታት ወዲህ፣ ቃሉ ከመሬት ተነሥቶ ወደ ሰው ተሻግሯል። «ብሔር» ስንል በቋንቋ፣ በትውልድና በሥነ ልቡና የተሳሰረ ሕዝብ ማለታችን ነው። «ብሔርተኝነት» የሚለውን ቃልማ በየቀኑ ከምንሰማው የፖለቲካ ጭቅጭቅ ለይቶ መስማት አስቸጋሪ ሆኗል። ለያዝነው ርዕስ ግን ይህ የቃሉ መንታ ትርጉም እጅግ ይጠቅመናል። የፓን አፍሪካ ብሔርተኝነት ከተወለደ ጀምሮ ያልተፈታው ጥያቄ ይኸው ነውና፦ አንድ ይሁን የሚባለው ብሔር ሕዝቡ ነው ወይስ ምድሩ? የትም ይኑር የት፣ ከአፍሪካ የተወለደ ሰው ሁሉ ነው? ወይስ ከየትም ይወለድ ከየት፣ በአህጉሩ ላይ የሚኖር ሁሉ?

ዛሬ የምከራከርበት ሐሳብ የሚከተለው ነው። ፓን አፍሪካኒዝም የተወለደው በመጀመሪያው ትርጉም ነው። መንግሥታት ተረክበው የፈረሙበት ደግሞ በሁለተኛው ነው። በርክክቡ መካከል ሐሳቡን የወለዱት ሰዎች ከደጅ ቀሩ።

ሐሳቡ የተወለደው በአፍሪካ ምድር አይደለም። ይህን ስናገር ቅር የሚላችሁ እንደምትኖሩ አውቃለሁ፤ በየዓመቱ በክፍል ውስጥም ያጋጥመኛል። ማስረጃው ግን የሚያሻማ አይደለም። ከ16ኛው እስከ 19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ድረስ በአትላንቲክ ውቅያኖስ በኩል 12.5 ሚሊዮን ያህል አፍሪካውያን በመርከብ ተጭነዋል፤ በሕይወት ማዶ የደረሱት 10.7 ሚሊዮን ያህሉ ናቸው። ከእነዚህ ሰዎች መካከል ሲጫን «እኔ አፍሪካዊ ነኝ» የሚል ነበረ ለማለት አይቻልም። የኢግቦ፣ የአካን፣ የወሎፍ፣ የኮንጎ ሰው ነበር፤ ከዚያም ይልቅ የእገሌ መንደር፣ የእገሌ ቤተ ዘመድ ሰው ነበር። በመርከቡ ሆድ ውስጥ በቋንቋ የማይግባቡ ሰዎች በአንድ ሰንሰለት ታሰሩ። ማዶ ሲደርሱ የገዛቸው ሰው ሁሉንም በአንድ ስም፣ በቆዳቸው ቀለም ጠራቸው። የልጅ ልጆቻቸው የአያታቸውን መንደር ስም አያውቁትም፤ ያልጠፋቸው የአህጉሩ ስም ብቻ ነው። አፍሪካን በሙሉ «አገሬ» ብሎ ማሰብ በመጀመሪያ የተቻለው እንግዲህ በአፍሪካ ውስጥ የእኔ የሚለው ወንዝና ተራራ ለጠፋበት ሰው ነው። ጎጃም ወይም ኩማሲ ተቀምጦ የአባቱን መሬት የሚያርስ ገበሬ እንዲህ ያለ ሰፊ አገር የሚያስብበት ምክንያት አልነበረውም።

የዚህ አዲስ ማንነት የመጀመሪያ የፖለቲካ ፍሬ ሃይቲ ናት። ያን ጊዜ ሳን ዶሚንግ ትባል በነበረችው የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት፣ በሸንኮራ አገዳና በቡና እርሻ ላይ ይሠሩ የነበሩ ባሮች በ1791 ተነሡ። ከዐሥር ዓመት በላይ ተዋግተው፣ ናፖሊዮን የላከውን ጦር አሸንፈው፣ ጃንዋሪ 1 ቀን 1804 ነጻነታቸውን አወጁ። በቀጣዩ ዓመት በዴሳሊን ዘመነ መንግሥት የወጣው ሕገ መንግሥት የቀለም ልዩነት እንዲቀርና የሃይቲ ዜጎች ሁሉ «ጥቁሮች» በሚል አንድ ስም እንዲጠሩ ደነገገ። ልብ በሉ፤ በዚህ ሕገ መንግሥት ዜግነት ከተሰጣቸው መካከል ፖላንዳውያንና ጀርመኖች ነበሩ። ፖላንዳውያኑ ከናፖሊዮን ጦር ጋር መጥተው ከአማፅያኑ ጎን የቆሙ ወታደሮች ናቸው። በሕጉ ፊት እነርሱም «ጥቁሮች» ሆኑ። ስሙ በዚያች ደሴት ላይ ከቆዳ ይልቅ አንድ ሰው በባርነት ጉዳይ ላይ በየትኛው ወገን እንደቆመ ይናገር ነበር ማለት ነው። ከዚህ በኋላ የመጡት አሳቢዎች ብዙዎቹ ይህን ያህል ደፋር አልነበሩም።

ለምሳሌ ኤድዋርድ ዊልሞት ብላይደንን እንውሰድ። ብላይደን በ1832 በዴንማርክ ትገዛ በነበረችው የቅዱስ ቶማስ ደሴት ተወለዱ። በ1850 በአሜሪካ የነገረ መለኮት ትምህርት ለመማር ሞክረው በቀለማቸው ምክንያት ተከለከሉ፤ ወዲያውም ወደ ላይቤሪያ ተሻገሩ። በዚያ መምህር፣ የጋዜጣ አዘጋጅና ዲፕሎማት ሆነው ኖሩ። «ክርስትና፣ እስልምናና የጥቁር ዘር» በሚል ርዕስ በ1887 ያሳተሙት መጽሐፍ የዘመኑን አንባቢ ያስደነገጠ ነው፤ ራሳቸው የክርስትና ሰባኪ ሆነው ሳለ፣ እስልምና ለአፍሪካዊው ክብር ከሚሲዮናውያኑ ክርስትና የተሻለ ስፍራ እንደሰጠ ተከራክረውበታል። አፍሪካዊ ስብእና የሚለውን ሐሳብ ያስፋፉትም እርሳቸው ናቸው። ነገር ግን ብላይደን ዘመኑ ያስተማራቸውን የዘር ጽንሰ ሐሳብ አልጣሉትም። ዘሮች በተፈጥሯቸው የተለያዩ ናቸው የሚለውን ተቀብለው፣ አንዱ ከሌላው ያንሳል የሚለውን ብቻ ካዱ። የኖሩባት ላይቤሪያ ደግሞ ሌላ ችግር ገልጣለች፤ ከአሜሪካ የተመለሱት ሰፋሪዎች የአካባቢውን ተወላጆች ለረጅም ዘመን ከዜግነት መብት አርቀው ገዝተዋል። በትውልድ አንድ ነን ብለው የመጡ ሰዎች፣ ምድሩ ላይ የነበሩትን ሰዎች እንደ ወንድም አልተቀበሏቸውም።

እዚህ ላይ ስማችን ወደ ታሪኩ ይገባል፤ እኛ ግን ገና አልገባንም።

በሰባው ሊቃናት የግሪክ ትርጉም «ኩሽ» የሚለው የዕብራይስጥ ቃል በብዙ ስፍራ «ኢትዮጵያ» ተብሎ ተተርጉሟል፤ ከዚያም ወደ እንግሊዝኛው መጽሐፍ ቅዱስ ገባ። በግእዙ ዳዊት 67ኛ፣ በእንግሊዝኛው 68ኛ ተብሎ በሚቆጠረው መዝሙር ውስጥ ኢትዮጵያ እጆቿን ስለመዘርጋቷ የሚናገረውን ቃል ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በአሜሪካ የጥጥ እርሻ ላይ የነበረ ባሪያ ይህን ቃል በሰማ ጊዜ ስለ ሸዋ ወይም ስለ ትግራይ አላሰበም። ስለ ራሱ አሰበ። «ኢትዮጵያ» ማለት ጥቁር ሕዝብ ሁሉ፣ የተስፋውም ቃል ለእርሱ የተነገረ ሆኖ አገኘው። ስለዚህ በኒው ዮርክ በ1808 የተመሠረተ የጥቁሮች ቤተ ክርስቲያን አቢሲኒያን ባፕቲስት ተባለ። በደቡብ አፍሪካም ማንጌና ሞኮኔ የተባሉ ሰባኪ ከነጮቹ የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ተለይተው በ1892 በፕሪቶሪያ የመሠረቱትን ቤተ ክርስቲያን «የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን» አሉት። ቅኝ ገዢዎቹ «ኢትዮጵያዊነት» የሚለውን ቃል እንደ አመፅ ስም ይፈሩት ጀመር። 1892 ከዓድዋ በፊት መሆኑን አትዘንጉ። ስሙ ከአገሩ ቀድሞ ዓለምን ዞሯል።

ከዚያ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ስሙና አገሩ ተገናኙ። ስለ ዓድዋ ድል እዚህ ዝርዝር ውስጥ አልገባም፤ ከእኔ ይልቅ የሚያውቁት ባልደረቦቼ በዚህ አዳራሽ ተቀምጠዋል። ለርዕሳችን የሚያስፈልገን አንድ ነገር ነው፦ መዝሙሩ ውስጥ ብቻ የነበረችው ኢትዮጵያ ጦር ያላት፣ ከአውሮፓ መንግሥት ጋር ተዋግታ ያሸነፈች፣ ንጉሠ ነገሥቷ በስም የሚጠሩ አገር ሆና ተገኘች። ይህን በፍጥነት ከተረዱት አንዱ የሃይቲው ጋዜጠኛና ዲፕሎማት ቤኒቶ ሲልቬን ናቸው። ሲልቬን በ1897 ወደ አዲስ አበባ መጥተው ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር ተገናኙ፤ የንጉሠ ነገሥቱ የክብር አጃቢ የሚል ማዕረግም አገኙ። በነጻነት ጦርነት የተወለደችው የጥቁሮች ሪፐብሊክና ነጻነቱን በጦር ያስከበረው ጥንታዊ የአፍሪካ መንግሥት በአንድ ሰው በኩል እጅ ለእጅ ተጨባበጡ። ከሦስት ዓመት በኋላ ሲልቬን ለንደን ነበሩ።

በዚያ፣ ከጁላይ 23 እስከ 25 ቀን 1900፣ በዌስትሚኒስተር የከተማ አዳራሽ የመጀመሪያው የፓን አፍሪካ ጉባኤ ተካሄደ። ጠሪው ከትሪኒዳድ የመጡት የሕግ ሰው ሄንሪ ሲልቬስተር ዊልያምስ ነበሩ። ተሰብሳቢዎቹ 30 ያህል ሲሆኑ፣ የሚበዙት ከካሪቢያን፣ ከአሜሪካና ከዚያው ከብሪታንያ የመጡ ናቸው፤ ከአፍሪካ የመጡት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ሲልቬን የኢትዮጵያ ወኪል ተብለው ተቀመጡ። ያኔ የ32 ዓመት ሰው የነበሩት ዊልያም ዱ ቦይስ ለዓለም መንግሥታት የተላለፈውን መልእክት አረቀቁ፤ የሚመጣው ክፍለ ዘመን ዋና ችግር የቀለም ድንበር እንደሚሆን ያስታወቁት በዚህ ነው። ጥያቄዎቹ ግን ለዛሬ ጆሮ ለስላሳ ናቸው። ጉባኤተኞቹ በደቡብ አፍሪካና በሮዴዥያ ስለሚፈጸመው ግፍ ለንግሥት ቪክቶሪያ አቤቱታ ላኩ። ነጻነት የሚል ቃል አልወጣቸውም ማለት ይቻላል። «ፓን አፍሪካ» የሚለውን ቃል ግን ወደ ዓለም ፖለቲካ አስገቡት።

ስለ ስማችን ስናወራ ሐቁን በሙሉ መናገር ይገባናል። ስሙ በባርነት ለተያዙ ሰዎች የነጻነት ተስፋ በሆነበት በዚያው ዘመን፣ በእኛው አገር የባሪያ ንግድ አልቆመም ነበር። ኢትዮጵያ በ1923 ወደ መንግሥታት ማኅበር ስትገባ ከተነሡባት ክርክሮች ዋናው ይህ ነበር። ባርነት በአዋጅ ፈጽሞ የተሻረው ከጣሊያን ወረራ በኋላ፣ በ1934 ዓ.ም. ነው። በጥቁር ሕዝብ ነጻነት ታሪክ ውስጥ ያለንን ስፍራ ስንቆጥር ይህንንም አብረን እንቁጠር።

ከ1900 ወዲህ ሐሳቡ በሁለት መንገድ ሄደ። አንደኛው የዱ ቦይስ ነው። በ1895 ከሃርቫርድ የዶክትሬት ዲግሪ በማግኘት የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ የሆኑት እኒህ ምሁር በ1919 በፓሪስ፣ በ1921 በለንደን፣ በብራስልስና በፓሪስ፣ በ1923 በለንደንና በሊዝበን፣ በ1927 በኒው ዮርክ ጉባኤዎችን ጠሩ። የተማሩ ሰዎች ጉባኤዎች ነበሩ፤ ውሳኔ ያወጣሉ፣ ደብዳቤ ይጽፋሉ፣ ይበተናሉ። ሁለተኛው መንገድ የማርከስ ጋርቬይ ነው። ጋርቬይ በ1887 በጃማይካ ተወለዱ፤ ማኅበራቸውን በ1914 በኪንግስተን መሥርተው ወደ ሃርለም አሻገሩት። ዱ ቦይስ መቶ ሰው በሚሰበስቡበት ጊዜ ጋርቬይ አደባባይ ይሞሉ ነበር። ጋዜጣ፣ ባንዲራ፣ ሰልፈኛ ጓድ፣ ኢትዮጵያን የአባቶቻችን ምድር ብሎ የሚጠራ መዝሙር፣ በመጨረሻም ለድሃ ሠራተኛ በአክሲዮን የተሸጠ የመርከብ ኩባንያ ነበራቸው። በ1920 የአፍሪካ ጊዜያዊ ፕሬዚዳንት ተብለው ተሰየሙ፤ የአፍሪካን ምድር ግን እስከ ዕለተ ሞታቸው አልረገጡም። ኩባንያው ከሰረ፤ እርሳቸውም በፖስታ በተፈጸመ ማጭበርበር ተከሰው ታሰሩና በ1927 ከአሜሪካ ተባረሩ። ሁለቱ ሰዎች እስከ መጨረሻው ተጠላልተው ኖረዋል። እኔ በግሌ ከዱ ቦይስ ጽሑፍ የተማርኩት ይበዛል፤ የልብስ አጣቢዋንና የወደብ ሠራተኛውን ልብ ያገኙት ግን ጋርቬይ መሆናቸውን መካድ አይቻልም። ሁለቱም በአንድ ነገር ይስማሙ ነበር፦ ብሔሩ ሕዝብ ነው፤ ባሕር አይከፍለውም።

ይህ እምነት በተግባር የተፈተነው በ1935 ነው። ሙሶሊኒ በኦክቶበር ወር ኢትዮጵያን ሲወር በሃርለም፣ በኪንግስተን፣ በለንደንና በምዕራብ አፍሪካ ከተሞች የተነሣው ቁጣ ከዚያ በፊት ታይቶ የማይታወቅ ነበር። በለንደን የትሪኒዳዱ ጸሐፊ ሲ ኤል አር ጄምስና የጋርቬይ የቀድሞ ባለቤት ኤሚ አሽዉድ ጋርቬይ የኢትዮጵያ ወዳጆች ማኅበር አቋቋሙ። ለትምህርት ወደ አሜሪካ ሲሄዱ በለንደን ያለፉት ወጣቱ ክዋሜ ንክሩማህ የወረራውን ዜና በጋዜጣ ሻጭ ሰሌዳ ላይ አነበቡ፤ በግላቸው ላይ የተቃጣ ጥቃት ሆኖ እንደተሰማቸውም በሕይወት ታሪካቸው ጽፈዋል። ከቺካጎ የመጡት አብራሪ ጆን ሮቢንሰን በንጉሠ ነገሥቱ አየር ኃይል ውስጥ በረሩ፤ ከጦርነቱ በኋላም ተመልሰው አብራሪዎቻችንን አሠለጠኑ፣ በ1954 አዲስ አበባ ውስጥ ዐረፉ። በብሪታንያ ጉያና የተወለዱት ጆርጅ ግሪፊት ስማቸውን ለውጠው ራስ ተፈሪ መኮንን ተባሉ፤ በኋላ በማንቸስተር ምግብ ቤቶች ከፍተው ብዙ አፍሪካዊ ተማሪና መርከበኛ አብልተዋል።

ከእኛ ወገን ለዚህ ሁሉ ምላሽ የሰጠው ማን ነው? እኔ ከሁሉ አስቀድሜ የምጠራው ሐኪሙን ዶክተር መላኩ በያንን ነው። መላኩ በዋሽንግተን በሚገኘው የጥቁሮች ዩኒቨርሲቲ፣ በሃዋርድ፣ ሕክምና ተማሩ፤ ጥቁር አሜሪካዊት አገቡ፤ በ1937 በኒው ዮርክ የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን የተባለውን ማኅበር መሠረቱ። በዘመናቸው ኢትዮጵያውያን መኳንንት ከአሜሪካ ጥቁሮች ጋር በአንድ መጠሪያ መጠራት ብዙ አይወዱም ነበር። መላኩ ግን እናንተ የእኛ፣ እኛም የእናንተ ነን ብለው በይፋ ሠሩበት። በ1940 አርፈው የአገራቸውን ነጻ መውጣት ሳያዩ ቀሩ። በመማሪያ መጻሕፍቶቻችን ውስጥ ያላቸው ስፍራ ከሥራቸው ጋር ፈጽሞ አይመጣጠንም። በተቃራኒው ጋርቬይ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ወደ እንግሊዝ ተሰድደው ለጥቁሩ ሕዝብ ፊት አልሰጡም ብለው በብርቱ ነቀፏቸው። የነቀፌታው ቃል ከልክ ያለፈ ነበር፤ የቅሬታው ፍሬ ነገር ግን እስከ ዛሬ መልስ አላገኘም።

በኦክቶበር 1945 በማንቸስተር የተካሄደውን አምስተኛውን ጉባኤ ባጭሩ እለፈው። አዘጋጆቹ የትሪኒዳዱ ጆርጅ ፓድሞርና ንክሩማህ ነበሩ። ጆሞ ኬንያታና ሄስቲንግስ ባንዳ በአዳራሹ ነበሩ፤ የ77 ዓመቱ ዱ ቦይስ የክብር ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። አቤቱታው ቀረ፤ የተጠየቀው ነጻነት ነው። መሪነቱም ከካሪቢያንና ከአሜሪካ ሰዎች እጅ ወደ አፍሪካውያን ተላለፈ። በዚያው ጊዜ፣ ብዙም ሳይስተዋል፣ የብሔሩ ትርጉም ከሕዝቡ ወደ ምድሩ መንሸራተት ጀመረ።

ጋና በማርች 1957 ነጻ ወጣች። በሚቀጥለው ዓመት በኤፕሪል ንክሩማህ ነጻ የአፍሪካ መንግሥታትን በአክራ ሰበሰቡ። ስምንት ነበሩ፦ ጋና፣ ኢትዮጵያ፣ ላይቤሪያ፣ ሊቢያ፣ ሞሮኮ፣ ሱዳን፣ ቱኒዝያ፣ የተባበረችው የዐረብ ሪፐብሊክ። ዝርዝሩን አስተውሉት። የሚበዙት ዐረብኛ ተናጋሪ አገሮች ናቸው። በብላይደንና በጋርቬይ ሚዛን እነዚህ አገሮች ከጥቁር ብሔር ውጭ በሆኑ ነበር፤ በንክሩማህ ሚዛን ግን ሰሐራ የሚለያየን በረሃ መሆኑ ቀርቶ መገናኛችን ሆነ። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ብሔርን ከዘር አላቅቆ በምድርና በጋራ የቅኝ ግዛት ታሪክ ላይ መመሥረት፣ በእኔ እምነት፣ ከብላይደን የተሻለ አስተሳሰብ ነበር። ይሁንና ዋጋ አለው፤ ምድር ድንበር አለው፤ ድንበር ደግሞ ባለቤት አለው።

ባለቤቶቹ በግንቦት ወር 1955 ዓ.ም. በአፍሪካ አዳራሽ ተሰበሰቡ። ቀደም ሲል የካዛብላንካና የሞንሮቪያ ተብለው በሁለት ቡድን ተከፍለው ነበር፤ ሁለቱን በአንድ አዳራሽ ማስቀመጡ ራሱ የአፄ ኃይለ ሥላሴና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትራቸው የአቶ ከተማ ይፍሩ ትልቅ ሥራ ነው። ንክሩማህ የጋራ መከላከያና የጋራ ገንዘብ ያለው አንድ የአህጉር መንግሥት ዛሬውኑ ይቋቋም አሉ። ብቻቸውን ቀሩ ማለት ይቻላል። ግንቦት 17 ቀን 32 መንግሥታት የፈረሙት ቻርተር የመንግሥታትን እኩልነት፣ ሉዓላዊነትና አንዱ በሌላው የውስጥ ጉዳይ አለመግባቱን መሠረት ያደረገ ነበር። በዓመቱ በካይሮ፣ በነጻነት ጊዜ የተረከብናቸው ድንበሮች እንዲከበሩ ተወሰነ። በርሊን ላይ አውሮፓውያን ያሰመሩትን መስመር፣ መስመሩን የሚያወግዙት ሰዎች በእጃቸው አጸኑት።

ይህን ውሳኔ ማቃለል ቀላል ነው፤ እኔ አላቃልለውም። ያ ውሳኔ ባይኖር ኖሮ አህጉሩ በድንበር ጦርነት ሊታመስ ይችል ነበር። ድርጅቱም በዳሬሰላም ባቋቋመው የነጻነት ኮሚቴ በኩል ገና በቅኝ ግዛት ሥር ያሉትን ረድቷል። ነገር ግን ፈራሚዎቹ ከሐሳቡ በተጨማሪ ምን ይጠብቁ እንደነበር ማየት ያስፈልጋል። የሶማሊያ የግዛት ጥያቄ በኢትዮጵያና በኬንያ ደጃፍ ቆሞ ነበር። የኤርትራ ፌዴሬሽን ከፈረሰ ገና ስድስት ወሩ ነበር። የግዛት አንድነት የሚለው አንቀጽ ለአስተናጋጇ አገር ከፍልስፍና በላይ ጥቅም ነበረው። የአንድነት ሰነድ በምንለው ቻርተር ውስጥ ያለው ብሔርተኝነት እንግዲህ በአብዛኛው የየአገሩ ብሔርተኝነት ነው፤ አህጉሩ ለእያንዳንዳቸው እንደ አጥር ሆነላቸው።

ታዲያ ሐሳቡን የወለዱት የት ሄዱ? ፓድሞር በ1959 ዐርፈው አመዳቸው በአክራ ተቀበረ። ዱ ቦይስ በ93 ዓመታቸው ወደ ጋና ተሻግረው፣ የጋናን ዜግነት ወስደው፣ ቻርተሩ ከተፈረመ ከሦስት ወር በኋላ በ95 ዓመታቸው በዚያው ዐረፉ። ማልኮም ኤክስ በጁላይ 1964 ወደ ካይሮው ጉባኤ ሄደው፣ የሃያ ሁለት ሚሊዮን ጥቁር አሜሪካውያን ጉዳይ የአፍሪካም ጉዳይ ነው ብለው ለመሪዎቹ ማስታወሻ አቀረቡ። የተቀመጡት በታዛቢነት ነበር። መሪዎቹ በአሜሪካ ያለውን የዘር መድልዎ የሚያወግዝ ለስላሳ ውሳኔ አሳልፈው ወደ ድንበራቸው ጉዳይ ተመለሱ። የአፍሪካ ኅብረት በ2003 መሥራች ሕጉን ለማሻሻል ባጸደቀው ሰነድ በባሕር ማዶ ያሉ የአፍሪካ ልጆች እንዲሳተፉ ጋብዟል፤ ስድስተኛው ክፍለ አህጉር መባልም ተለምዷል። በጥሪው ላይ በሩን ያንኳኳችው ሃይቲ ናት። የሙሉ አባልነት ጥያቄዋ በ2016 የተሰጠው መልስ አጭር ነበር፦ በመሥራች ሕጉ 29ኛ አንቀጽ መሠረት አባል መሆን የሚችለው የአፍሪካ አገር ብቻ ነው። በሕግ መልሱ ትክክል ነው፤ ሃይቲ በካርታው ላይ የለችም። ከዓድዋ በኋላ ልጇን ወደ እኛ የላከችው፣ ጥቁርነትን የነጻነት ስም ያደረገችው አገር፣ ምድሩ ላይ ባለመሆኗ ከብሔሩ ውጭ ናት።

ምድሩስ ላይ ያሉት? ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ ብትሄዱ ሻሸመኔን ታገኛላችሁ። አፄ ኃይለ ሥላሴ በወረራው ዘመን ለደገፏት የጥቁር ሕዝብ ልጆች፣ መላኩ በያን በመሠረቱት ማኅበር በኩል፣ በዚያ አምስት ጋሻ መሬት ሰጥተዋል። ከጃማይካና ከሌሎች የካሪቢያን ደሴቶች ሰዎች መጥተው ሰፈሩበት። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ አብዛኛው መሬት ተወረሰ፤ ሰዎቹ ግን ቀሩ፣ ወለዱ፣ ከበዱ። ብሔር ሕዝብ ነው ካልን፣ የዚያ ሕዝብ ልጆች ነን ብለው የመጡ ናቸው። ብሔር ምድር ነው ካልን፣ በምድሩ ላይ ተወልደዋል። በሁለቱም ሚዛን ደጁ ሊከፈትላቸው ይገባ ነበር። የዜግነት አዋጃችን፣ ቁጥር 378/1996፣ በትውልድ የሚገኝ ዜግነትን የሚሰጠው ከወላጆቹ ቢያንስ አንዱ ኢትዮጵያዊ ለሆነ ልጅ ነው፤ እዚህ መወለድ ብቻውን አይበቃም። ብዙዎቹ ለዐሥርት ዓመታት ያለ ሕጋዊ ወረቀት ኖሩ። በ2017 መንግሥት መታወቂያ እንደሚሰጣቸው አስታወቀ። መታወቂያው የመኖር መብት ይሰጣል፤ ዜግነት አይሰጥም።

በጊዜዬ ተጠቅሜአለሁ። የቀረውን ለጥያቄና ለክርክር እተዋለሁ፤ በተለይ የሕግ ተማሪዎች በመጨረሻው ነጥብ ላይ የምትሉትን መስማት እፈልጋለሁ።